በሽምደዳ ወደ ደመና

ፈረስ ቤት ላይ ደመና ብርቅ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀና ብሎ የሚፈልገው የለም፤ በር ከተከፈተለት እንደ ጎረቤት ዘው ብሎ ገብቶ ምድጃ ዳር ይቀመጣል። የደጋ ዳሞት ሰው ስለ ደመና አስተማሪ አያሻውም። አሁን አሁን ግን ከፈረስ ቤት፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ተነስተው አዲስ አበባ የሚገቡ ልጆች ሌላ ደመና እያሳደዱ ነው። «ክላውድ» ይሉታል። ዝናብ የለውም፤ ደመወዝ ግን ያዘንባል ተብሏል።

ነገሩ ለራቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ክላውድ ማለት ኮምፒውተር ገዝቶ ቢሮ ውስጥ በመደርደር ፋንታ የሌላ ሰው ግዙፍ የኮምፒውተር መጋዘን ውስጥ የሚፈለገውን ያህል እየተከራዩ መሥራት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024 መጋዘኖቻቸውን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከፍተዋል። በዚህ ኪራይ ቤት ውስጥ ሥራው ሳይቋረጥ እንዲሄድ የሚያደርገው ባለሙያ «ዴቭኦፕስ ኢንጂነር» ይባላል። ድሮ ሶፍትዌር የሚጽፈውና ሶፍትዌሩን ቀን ከሌት የሚጠብቀው ሰው የተለያዩ ነበሩ። አንድ ነገር ሲበላሽ ጸሐፊው «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፣ ጠባቂው «ያመጣኸው አንተ ነህ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቤልጂግ ውስጥ ጌንት ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ይህን ጠብ ለማስታረቅ የመከሩበት ጉባኤ ነው ለሙያው ስም ያወጣለት። ሥራው ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦ ለውጥን በጥቂት በጥቂቱ ማስገባት፣ ከመግባቱ በፊት መፈተሽ፣ ከገባ በኋላ ዓይን አለመንቀል፣ ሲበላሽ ደግሞ ቶሎ ወደ ነበረበት መመለስ።

ለዚህ ሙያ ከሚሰጡት የምስክር ወረቀቶች ከላይኛው እርከን የሚመደበው አንዱ የአማዞን ነው። 75 ጥያቄዎች፣ ሦስት ሰዓት፣ 300 ዶላር። ከ1000 ነጥብ 750 ያመጣ ያልፋል። ወረቀቱ ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ እንደገና መፈተን ነው። ከጥያቄዎቹ አሥሩ ነጥብ የሌላቸው የሙከራ ጥያቄዎች ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። ፈተናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በሥራው ላይ የቆየ ሰው ቢቀመጥበት ይሻላል ብለው በግልጽ ጽፈዋል።

እኛ አገር ስድስት ሳምንት ይበቃዋል!

ዛሬ የተነሳሁት ከፈተናው ጋር ለመጣላት አይደለም። ጠቤ ከዝግጅቱ ጋር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ ላይ ተለጥፎ፣ ቴሌግራም ላይ ተበትኖ «በስድስት ሳምንት የክላውድ ኤክስፐርት ይሁኑ፣ ማለፍዎ የተረጋገጠ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ከምን የመጣ ይመስላችኋል? ከማስተማር አይደለም። «ዳምፕ» ከሚባል ነገር ነው። ዳምፕ ማለት ፈተናውን ተፈትነው የወጡ ሰዎች በቃላቸው ይዘው ወይም ሰርቀው ያወጡት የጥያቄና የመልስ ጥራዝ ነው። ልጁ ቁጭ ብሎ ይሸመድደዋል። በእንግሊዝኛው ዳምፕ የቆሻሻ መጣያም ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት ይኼኔ ነው።

ፈተናው ለሽምደዳ የተሠራ አይደለም። አንድ ምሳሌ ከራሴ ልፍጠር። «አንድ ድርጅት አዲሱን የሶፍትዌር ቅጂ ለደንበኞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መልቀቅ አይፈልግም። መጀመሪያ ለአሥር በመቶው ሰጥቶ፣ ስህተት ከበዛ የሰው እጅ ሳይገባበት ወደ ቀድሞው ቅጂ እንዲመለስ ይሻል። ከሚከተሉት አነስተኛ ልፋት የሚጠይቀው የቱ ነው?» ይላል። ከዚያ አራት ምርጫ ይሰጣል። ክፋቱ፣ ከአራቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ቢሠሩ ይሠራሉ። አንዱ ግን ሌሊት አያስነሳም። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሌሊት ተነስቶ የሚያውቅ ነው። ሸምዳጁ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቃላት አይቶ «ሐ» ብሎ ያልፋል።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚለኝ አይጠፋም። «ወረቀት ነው፤ ማን ሞተ?» እስቲ ወረቀቱ የሚመሰክርለት ሥራ ምን እንደሆነ እንይ።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የሆነውን የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ የለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተናግቶ ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየግቢው ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች እንደተካሄዱና ያለ አግባብ የተወሰደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደሆነ አስታወቀ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በጥገናና ፍተሻ ሥራ ላይ የተፈጠረ ነው አለ። ጠላት አልመጣም፤ ቤቱን ሲጠግኑ ጣሪያው ተነሳ። የዚያን ሌሊት ባለሙያዎች ሸምዳጆች ነበሩ እያልኩ አይደለም። ማንነታቸውንም አላውቅም። ይህን የማነሳው ዴቭኦፕስ የሚባለው ሙያ ለምን እንደተፈጠረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስለሌለኝ ነው። ለውጥ ሲገባ ማን ያያል? ሲበላሽ በስንት ደቂቃ ይመለሳል? የሚመልሰውስ ማን ነው?

የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲስ ሶፍትዌር በስምንት ሰርቨሮች ላይ ሊጭን አስቦ ሰባቱ ላይ ጭኖ ስምንተኛውን ረሳው። ስምንተኛው ላይ የቀረው አሮጌ ኮድ ገበያው ሲከፈት ያለ ልክ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ 440 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከሰሩ። ድርጅቱም ከዚያ በኋላ በራሱ እግር አልቆመም። በ45 ደቂቃ! እኛ አገር ለአንድ ስብሰባ የሚበቃውን ሰው መጠበቂያ ነው።

እንግዲህ ዳምፕ የሸመደደ ልጅ ወረቀቱን ይዞ የሚቀመጠው እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ነው።

በአንድ ወቅት አንድ መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ሠራተኛ ሲቀጥር ከፈታኞቹ ጋር እንድቀመጥ ጠይቆኝ ነበር። ከአመልካቾቹ አንዱ የአገሬ ልጅ ሆኖ አገኘሁት፤ የፈረስ ቤት ልጅ። ላይኛውን የምስክር ወረቀት ይዟል፣ ነጥቡም ያኮራል። ከሱ በፊት ለነበሩትም እንዳደረግነው አንድ ሆን ተብሎ የተበላሸ ሰርቨር ሰጠነውና «ይኼ ነገር ለምን አልነሳ አለ?» አልነው። ዲስኩ ሞልቶ ነበር። የሎግ ፋይል ተጠራቅሞ ቦታ አሳጥቶታል። ሥራውን ለቀመሰ ሰው የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ልጁ ሃያ ደቂቃ ጥቁሩን መስኮት ሲያይ ቆየ። ግንባሩ ላቦት አወጣ። በመጨረሻ ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ይሄ እኔ ባጠናሁት ውስጥ የለም ጋሼ።»

ስንወጣ ቡና ጋብዤ አወያየሁት። የሸመደደው ስድስት መቶ ጥያቄ ገደማ ነው። አስቡት፤ በባዕድ ቋንቋ፣ አንዳንዱ ግማሽ ገጽ የሚሞላ ስድስት መቶ ጥያቄ። ይህን የተሸከመ ጭንቅላት ደካማ ሊባል ነው? ያን ያህል ጉልበት ሊኑክስ ላይ ቢያፈሰው ዛሬ እኛን ይፈትነን ነበር። የሥልጠናውንና የፈተናውን ገንዘብ ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው ዝም አለ። ኋላ ላይ ቀስ ብሎ ነገረኝ። አባቱ ከጥማድ በሬያቸው አንዱን ሸጠዋል። አሁን የሚያርሱት የቀረውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ነው። «አባባ ወረቀቱ ሲመጣ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት» አለኝ።

እኔን ያናደደኝ ልጁ አይደለም። የበሬውን ዋጋ ተቀብሎ ቆሻሻ መጣያ የሸጠለት ሰው ነው። ያ ሰው አሠልጣኝ ይባላል፣ ከረባት ያስራል፣ «የወጣቶች አርአያ» ተብሎ መድረክ ላይ ይወጣል። ልጁን አንድ ቀን እንኳ የተበላሸ ነገር ፊት አስቀምጦ «አስተካክል» ብሎት አያውቅም። የፈተናው ውል ጥያቄ ማውጣትንም መጠቀምንም ይከለክላል፤ የተደረሰበት ሰው ወረቀቱ ይሰረዝበታል። ይህንን ለልጁ አልነገረውም። የሚሰረዘው የሻጩ ወረቀት አይደለማ!

ለነገሩ ሽምደዳውን ክላውድ አላመጣብንም። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ተሰርዞ ነበር። ያኔ ልጆቹን ረገምን እንጂ ፈተናን የሕይወት ብቸኛ በር አድርጎ ያቆመውን ማንም አልጠየቀም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ለዚህ ኮሮናውም ጦርነቱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም በኩረጃ ላላክከው አልፈልግም። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ስናጨበጭብለት የነበረው ውጤት ምን ያህሉ የራስ እንደነበር አሳይቶናል። ዛሬ በዳምፕ የሚዘጋጀው ወጣት የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። አዲስ ነገር አልሠራም፤ የሠለጠነበትን ነው የደገመው።

ተከራካሪዎቼ የሚሉትን እሰማለሁ። «ህንዱም፣ ፓኪስታኑም፣ ፈረንጁም እንዲሁ ነው የሚያልፈው» ይላሉ። ይሁን። ህንዱ ግን ዳምፑን ሸምድዶ ሲገባ አጠገቡ ሥራውን የሚያሳዩት አሥር ሰዎች ያገኛል። የእኛው ልጅ ቢሮው ውስጥ ብቸኛው «ኤክስፐርት» ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ሲጨንቀው የሚጠይቀው ሰው የለም፤ እንዳይጠይቅም ወረቀቱ አፉን ይዞታል። «በሩን ለመክፈት ብቻ ነው፣ ሥራውን ገብቶ ይማረዋል» የሚሉም አሉ። በማን ገንዘብ ላይ ነው የሚማረው? በእኔና በእናንተ የባንክ ሂሳብ ላይ? በሆስፒታል መዝገብ ላይ?

አንዱ ክርክር ግን ያሸንፈኛል። «ደሃ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም» የሚለው። እውነት ነው፤ የፈረስ ቤት ልጅ ያለበትን እንቁጠር። ክላውዱ ላይ ለመለማመድ አካውንት ሲከፍት የባንክ ካርድ ይጠየቃል፤ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የለውም። ፈተናው 300 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ሂሳብ 17 ሺህ ብር ግድም ነበር፤ አሁን ከ40 ሺህ ብር ይሻገራል። ለዚያውም ዶላሩ ከተገኘ። አብዛኛው ዳያስፖራ ዘመድ ይለምናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ተቀጣጥሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ያኔ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ተቀምጦ ስለ ክላውድ ማጥናት ሲታሰብ ያስቃልም ያስለቅሳልም።

ፈተናውን ቤት ተቀምጦ በካሜራ እየታዩ መውሰድ ይቻላል ይባላል። ደንቡን ላንብብላችሁ፦ ጠረጴዛው ባዶ ይሁን፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አይግባ፣ ከካሜራው ፊት አይነሱ፣ ድምፅ አውጥተው አያንብቡ። እኛ ሰፈር ሦስት ሰዓት ሙሉ «ቤቶች!» ብሎ በር የማይከፍት ጎረቤት ካለ ታሟል ማለት ነው፤ ሊጠይቁት ይሄዳሉ። መብራቱ ሄዶ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥስ? አማራጩ አዲስ አበባ ሄዶ የፈተና ጣቢያ መቀመጥ ነው። ከፍኖተ ሰላም ብቻ 387 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሰላም በዋለበት ቀን።

ይህ ሁሉ ልክ ነው። ልጁ ዳምፕ ሲገዛ አልፈርድበትም የምለውም ለዚህ ነው። ደሃ ስለሆነ ግን ቆሻሻ ይሸጥለት አልልም። የሚገርመው፣ ከዳምፑ የሚረክሰው እውነተኛው ዝግጅት ነው። ጊት፣ ዶከር፣ ኩበርኔትስና ሊኑክስ ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው። አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በአንድ መጠነኛ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ባትሪው ካልሞተ መብራት ሲጠፋም ይሠራሉ። ፍላሽ ላይ ተጭነው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መሄድ ይችላሉ። አንድ ልጅ ራሱ ትንሽ ድረ ገጽ ሠርቶ፣ በየቀኑ እያሻሻለ፣ ራሱ ሆን ብሎ እያበላሸ፣ ወደ ነበረበት እየመለሰ ስድስት ወር ቢቀመጥ የፈተናውን መንፈስ ይይዘዋል። የአማዞን የራሱ ዕቃዎች ስምና ጠባይ ከዚያ በላይ የሚጨመር ነው፤ እሱ ካርድም ገንዘብም ይፈልጋል።

ማለፊያ ጉዳይ ላይ ሻጮቹ የማይነግሯችሁን ልጨምር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ተፈታኝ ከመመዝገቡ በፊት ቢያመለክት ሠላሳ ደቂቃ ይጨመርለታል። ዝቅተኛውን እርከን ያለፈ ሰው ለቀጣዩ ፈተና የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ያገኛል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስምና ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም። የወደቀ ሰው ከ14 ቀን በኋላ ድጋሚ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ በአደባባይ የተጻፈ ነው። በሬ አያሸጥም።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ይህን እኛ ጎጃሞች ከማንም ይልቅ ማወቅ የነበረብን መሆኑ ነው። ዋሸራ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መምህሩ የዘረፉትን ቅኔ በቃሉ ይዞ ቢመጣ ማን ተማረ ይለዋል? የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ይቀርባል፤ ይታረማል፣ ያፍራል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከሁለት ስንኙ ጉባኤ ቃና ተነስቶ መወድስ እስኪደርስ ድረስ እርከን አለው። ድጓ የተማረ ሰው ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። «ምስክር» የሚለው ቃላችን ራሱ ሰው ፊት ቀርቦ መሰማትን ያዘለ ነው። ሲመሰክሩለት መምህሩ የሰሙት ድምፁን ነው፤ የተመረጡ አራት ፊደላት አልነበሩም። ያም ትምህርት ቤት ጉድለት አላጣውም፤ ቃልን በቃል መያዝም ሞልቶታል። ፊቱ ቆሞ ያልሠራን ሰው ግን «መምህር» ብሎ አይሸኝም። ከዚያ አገር ወጥተን ነው እንግዲህ በስድስት ሳምንት ኤክስፐርት የምንሆነው!

ለሻጭ ገበያ የሚፈጥርለት ገዢ ነው። ገዢው ደግሞ ልጁ ብቻ አይደለም። ያየኋቸው የጨረታ ሰነዶች «ቢያንስ ሦስት ሰርተፍኬት ያላቸው ባለሙያዎች» ይላሉ፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት ነጥብ አለው። «ከዚህ በፊት የወደቀ ሲስተም አንስቶ ያውቃል ወይ?» የሚል መስመር ግን አላየሁም። መንግሥትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያስጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በሐሳቡ ደግ ነው። የሚነገረን ግን ስንት ተመዘገበ፣ ስንት ሰርተፍኬት ወሰደ የሚለው ነው። ስንቱ ሥራ ያዘ፣ ስንቱ ምን ሠራ የሚለው ሪፖርት ላይ አይመጣም። ወረቀት ለመቁጠር ይቀላላ! ቀጣሪ ወረቀት እየቆጠረ፣ ጨረታ ወረቀት እየመዘነ፣ ሚኒስቴር ወረቀት እየደመረ ልጁ ወረቀት በአቋራጭ ገዛ ብሎ መቆጣት ድፍረት ነው።

ለቀጣሪዎች አንድ ነገር እለምናለሁ። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ አክብሩት፤ ከዚያ ግን ልጁን የተበላሸ ሰርቨር ፊት አስቀምጡትና አንድ ሰዓት ስጡት። የሚፈልገውን መጽሐፍ ይክፈት፣ ኢንተርኔት ይጠቀም። መልሱን ባያገኝ እንኳ እንዴት እንደሚፈልግ እዩት። ገበያው ይህን ከለመደ የዳምፕ ዋጋ በአንድ ክረምት ይወድቃል። ለወረዳና ለዞን ሹሞች ደግሞ፦ ፈረስ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ አሥር ላፕቶፕ፣ አንድ የፀሐይ ኃይልና እነዚያን ነፃ ሶፍትዌሮች የያዘ አንድ ሰርቨር ያለው ክፍል ለመክፈት የሚፈጀው ገንዘብ ለአንድ የስብሰባ አዳራሽ ባነርና አበል ከሚወጣው ብዙ አይርቅም።

የቅጥር ፈተናችንን የወደቀው ልጅ አሁን በዝቅተኛ ደመወዝ የአንድ ድርጅት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኖ ይሠራል። ማታ ማታ አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ጭኖ ያበላሻል፣ ይጠግናል። ባለፈው ደውሎ «ጋሼ፣ ዲስክ የሚሞላበትን ሰባት መንገድ አገኘሁ» አለኝ። እኔ የማውቀው አምስት ነበር። ሁለቱን እንዲነግረኝ ለመንኩት።